ፀሐይ ኪራይ አይከፈልባትም! የልብስ ማስጫ ገመድ ክልከላ ይቁም!



ክረምቱ ወጣ፤ መስከረም ጠባ። ሐምሌንና ነሐሴን በየሣጥኑና በየአልጋው ሥር ተጠቅልሎ የከረመው ልብስ፣ ብርድ ልብስና ጋቢ ሁሉ አሁን ውሃና ፀሐይ ይፈልጋል። ተማሪው ዩኒፎርሙን፣ ሠራተኛው የሥራ ልብሱን፣ አራሷ የሕፃኗን ጨርቅ፣ አዛውንቱ ጋቢያቸውን የሚያሳጥቡበት ወር ነው። ለእንቁጣጣሽ ያልደረሰው ለመስቀል ይድረስ ተብሎ በየቤቱ ሳፋ ይወጣል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እያወቅን ዝም ያልነው ግን ሌላ ነው፤ አጥቦ ማስጫ ቦታ ያጣው ጎረቤታችን መብዛቱ ነው።

አንዳንዱ ሰው «ደግሞ የልብስ ገመድም በሰሌዳ ይጻፋል?» ይል ይሆናል። አዎን፣ ይጻፋል! የሰው ጤናና የጎረቤት ሰላም የሚታወከው በትልቅ ነገር ብቻ አይደለም፤ በአሥር ክንድ ገመድም ይታወካል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰፈራችን በአንድ ግቢ ውስጥ አራትና አምስት ክፍል በመደዳ ተሠርቶ የሚከራይበት ቤት ብዙ ነው። ተከራይ ሲገባ ከኪራዩ ዋጋ ቀጥሎ የሚነገረው የክልከላ ዝርዝር ነው፤ እንግዳ አታብዙ፣ ማታ በጊዜ ግቡ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እጠቡ፣ ልብስ ግቢ ውስጥ አታስጡ! ከዚያ በኋላ ልመናው ይጀመራል። «እትዬ፣ ዛሬ ትንሽ ልብስ ላሰጣ?» ዛሬ እንግዳ አለ ይባላል። ነገ ሣሩ ይረገጣል ይባላል። ከነገ ወዲያ ገመዱ ተፈትቶ ይገኛል። በወር በወሩ ኪራዩን ሳያጓድል የሚከፍል ሰው ለአንድ ሱሪና ለሁለት ካናቴራ ደጅ ይጠናል።

አሁን ደግሞ ነገሩ ከግቢ አልፎ ወደ ማኅበራችን መጥቷል። ከመንገድ የሚታይ የልብስ ማስጫ ገመድ በሙሉ በሰፈራችን መተዳደሪያ ደንብ እንዲከለከል ሐሳብ ቀርቧል፤ በመጪው ጠቅላላ ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል። ሐሳቡን ያቀረቡት የሰፈራችን ሰዎች ናቸው፤ እናከብራቸዋለን። ሐሳባቸውን ግን አጥብቀን እንቃወማለን። ምክንያታችንንም ከስብሰባው በፊት እያንዳንዱ ነዋሪ እንዲያውቀው ከዚህ በታች እናቀርባለን።

1ኛ. ገመዱ ሲከለከል ልብሱ የት ይሄዳል?

ውጭ አይሰጣ ስለተባለ ልብስ ሳይታጠብ አይቀርም፤ እርጥቡም በተአምር አይደርቅም። ከፀሐይ የተባረረ ልብስ የሚሄድባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። ሦስቱም ክፉ ናቸው።

የመጀመሪያው መኝታ ክፍሉ ነው። በእጅ የተጨመቀ የአንድ ቤተሰብ ልብስ ጥቂት ሊትር ውሃ እንደ ያዘ ነው የሚሰቀለው። ያ ውሃ የትም አይጠፋም። ከልብሱ ወጥቶ ክፍሉ አየር ውስጥ ይገባል፤ ከአየሩ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ኮርኒሱና ወደ ፍራሹ ይሄዳል። የክረምቱ እርጥበት ገና ያልወጣለት ክፍል ሌላ እርጥበት ሲጨመርበት በየማዕዘኑ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል። ሻጋታ ነው። ሻጋታ አስም ያለበትን ሰው ያስጨንቃል፤ የሕፃናትን ሳል ያባብሳል። ልብሱም ቢሆን ለሁለት ቀን ደርቆ አይደርቅም፤ የሻገተ ሽታ ይይዛል። ተማሪው በዚያ ሽታ ክፍል ውስጥ ይገባል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ አፍንጫውን ይይዛል።

እስቲ አከራዮቻችንን አንድ ነገር እንጠይቅ። ያ የሚሻግተው ግድግዳ የማን ነው? ቀለሙ የሚላላጠው፣ ኮርኒሱ የሚረግፈው የማን ቤት ነው? ተከራዩ ነገ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ይሄዳል። እርጥበቱ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀራል። ገመድ የከለከለ አከራይ የገዛ ቤቱን ውሃ እያጠጣ ነው ያለው!

ሁለተኛው ቦታ የከሰል ምድጃ ነው። ጠዋት የሚለበስ ዩኒፎርም ማታ እርጥብ ሆኖ ሲገኝ እናት ምን ታድርግ? ከሰል ታያይዝና በወንበር ላይ አንጠልጥላ ታሞቀዋለች። ብርዱም አለ፤ በሩ ይዘጋል። ከከሰል የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው፣ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ሰው እንቅልፍ የወሰደው ይመስለዋል እንጂ ሞት እየወሰደው መሆኑን አያውቅም። በአገራችን በተዘጋ ክፍል ውስጥ በከሰል ጢስ ታፍነው የሞቱ ሰዎች ወሬ ስንት ጊዜ ሰምተናል! አንድ ልብስ ቀን በፀሐይ እንዲደርቅ ባለመፈቀዱ ሌሊት እሳት አጠገብ ከተሰቀለ ክልከላው የሰውን ነፍስ አደጋ ላይ ጥሏል። ይህን ማጋነን የሚለን ሰው ካለ ከጤና ባለሙያ ይጠይቅ።

ሦስተኛው ቦታ ወንዙና ሐይቁ ነው። ግቢ ውስጥ ማጠብና ማስጣት የተከለከለ ሰው ዘንቢሉን ተሸክሞ ወደ ዓባይ ዳር ይወርዳል። እዚያ ውሃው ነጻ፣ ፀሐዩ ነጻ፣ ሣሩ ሰፊ ነው። ግን ምን ይጠብቀዋል? በጣና ዳርና በዓባይ መውጫ አካባቢ ጉማሬ እንዳለ የሰፈራችን ሰው ሁሉ ያውቃል። ከጉማሬ የሚብሰው ግን የማይታየው ነው። ቢልሃርዚያ ውሃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ሰው ሰውነት ውስጥ የሚገባ በሽታ ነው። ውሃ ውስጥ ቆሞ ብርድ ልብስ የሚያሽ ሰውና አጠገቡ የሚንቦጫረቁ ልጆች ለበሽታው እግራቸውን እየሰጡት ነው።

የልብስ ማጠቢያ ቦታና በሽታ የተያያዙ መሆናቸውን ለዓለም ካሳዩት ሰዎች አንዱ የእኛው አገር ሰው ናቸው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ ምርምር ሲያደርጉ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ውስጥ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አገኙ። ከዚያ ተነሥተው እንዶድ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አሳዩ። ለዚህም ሥራቸው ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ያ ግን በእንዶድ ዘመን ነው። ዛሬ ወንዝ ወርደን የምናጥበው በዱቄት ሳሙና ነው። አረፋው ዓባይና ጣና ውስጥ ይገባል። ጣናን ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ያስጨነቀው እምቦጭ የሚወፍረው ወደ ውሃው በሚገባ ንጥረ ነገር ነው። አብዛኛው ከእርሻና ከከተማ ፍሳሽ የሚመጣ ቢሆንም የእኛም ሳፋ የድርሻዋን ታዋጣለች። እምቦጭ ለመንቀል ሲባል በዘመቻ ወጥተን፣ ሰውን ከግቢ አባረን ሐይቁ ላይ እንዲያጥብ ማድረግ ምን የሚሉት ሥራ ነው?

ከሦስቱ ሌላ ደግሞ የማይነገር ነገር አለ፤ እኛ ግን እንናገረዋለን። ብዙ እናቶቻችንና እኅቶቻችን በወር አበባ ጊዜ የሚጠቀሙበትን ጨርቅ አጥበው የሚያሰጡበት ስላጡ በፍራሽ ሥር ወይም በዕቃ ጀርባ ደብቀው ያደርቁታል። እርጥበት ያልወጣለት ጨርቅ ለሕመም ይዳርጋል። እንዲህ ያለ ጨርቅ በሳሙና ታጥቦ በፀሐይ እንዲደርቅ የጤና ባለሙያዎች ሁልጊዜ ይመክራሉ። ነውር ይህ ጨርቅ መሰጣቱ አይደለም፤ ነውር ሴት ልጅ በራሷ ጤና እንድታፍር ማድረግ ነው።

2ኛ. የሚቀርቡት ምክንያቶች

ሐሳቡን ያቀረቡት ወገኖች አምስት ምክንያት አላቸው። አንድ በአንድ እንያቸው።

«እንግዳ ሲመጣ ያሳፍራል።» ምኑ ነው የሚያሳፍረው? የቆሸሸ ልብስ ነው ወይስ የታጠበ? በየገመዱ ላይ ነጭ ነጠላና የተማሪ ዩኒፎርም ተሰቅሎ ያየ እንግዳ «እዚህ ቤት ንጹሕ ሰው ይኖራል» ይላል እንጂ ሌላ ምን ይላል? ከተማችን ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ጥጥ ፈትላ፣ ጨርቅ ሠርታ ስንቱን ያለበሰች ባሕር ዳር፣ የታጠበ ጨርቅ ማየት ነውር ሆነባት ቢባል ማን ያምናል? የውስጥ ልብስ ከሆነ የሚያስቸግረው መላው ቀላል ነው፤ ከአንሶላው በስተኋላ ይሰጣ። የቀረው ሸሚዝና ሱሪ ፀሐይ የሞቀው አገር ያወቀው ነው፤ ለብሰነው በአደባባይ የምንሄድበትን ልብስ በገመድ ላይ ሲሆን ምን አዲስ ነገር አገኘንበት?

«ውሃ ያልቃል፤ ቆጣሪው ይበላናል።» ይህ ስለ ማጠብ ነው እንጂ ስለ ማስጣት አይደለም። የውሃ ሂሳብ ችግር ከሆነ በቆጣሪው ንባብ ወይም በሰው ቁጥር ተካፍሎ መክፈል ነው። ገመድ መከልከል የአንድ ጀሪካን ውሃ እንኳ አያድንም። እንዲያውም በደንብ ሳይደርቅ የሸተተ ልብስ እንደገና ይታጠባል። አንድ ጊዜ ይበቃ የነበረው ውሃ ሁለት ጊዜ ይፈስሳል። ታዲያ ውሃውን የጨረሰው ተከራዩ ነው ወይስ ክልከላው?

«ግቢው ይጨቀያል፤ ትንኝ ያመጣል።» ከሁሉ እውነት ያለበት ይህ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር በአካባቢያችን ወባ የሚበዛበት ወቅት ነው፤ በግቢ ውስጥ ውሃ ማቆር አይገባም። መፍትሔው ግን ገመዱን መበጠስ ሳይሆን ማጠቢያውን ማስተካከል ነው። ከማጠቢያው ሥር ጥቂት ጠጠር ማፍሰስና ውሃውን በትንሽ ቦይ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ መምራት የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ገመዱም ከጠጠሩ በላይ ከተዘረጋ ጠብታው ጭቃ አይሠራም። ስለ ወባ ካነሣን ደግሞ አጎበራችንስ የት ይሰጣ? አጎበርም አልፎ አልፎ መታጠብ አለበት።

«ሌባ ይጠራል።» ሌባ የሚጠራው ጠባቂ የሌለው ነገር ነው። ግቢ ውስጥ ሰው በሚያየው ቦታ የተሰጣ ልብስ አንድ ዓይን ሳይሆን አሥር ዓይን ይጠብቀዋል። የሚሰረቀው ተከልክሎ ከአጥር ውጭ በቁጥቋጦ ላይ የተሰጣው ነው።

«ለመኪና ማቆሚያ ቦታ እንፈልጋለን።» መኪና መሬት ላይ ነው የሚቆመው፤ ገመድ ግን ከራስ በላይ ነው። መኪናው ቀን ሥራ ይውላል፤ ልብሱም ቀን ይደርቃል፤ ማታ መኪናው ሲመለስ ልብሱ ተሰብስቧል። ለተስማማ ሰው ቦታው ለሁለቱም ይበቃል። ላልተስማማ ሰው ግን የጣና ሐይቅ ዳርቻ በሙሉ ቢሰጠውም አይበቃው!

3ኛ. «ሥልጣኔ ነው» ለሚሉን

አንዳንድ ወንድሞቻችን ነገሩን ከከተማ ውበት ጋር ያያይዙታል። እውነት ነው፤ ሰፈራችን እንደ ድሮው አይደለም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ወደ ጎንደር የሚያልፈውን ሰው ሁሉ በእኛ ሰፈር በኩል ያሳልፈዋል። መንገድ ይሰፋል፤ አጥር ይታደሳል፤ ሁላችንም ደስ ይለናል። በዋናው አውራ ጎዳና ላይ፣ በእግረኛ መሄጃና በመብራት ምሰሶ ላይ ልብስ መስቀል እንደማይገባም እንስማማለን። የተጠየቅነው ግን ይህን ብቻ አይደለም። በግቢያችን ውስጥ፣ በጓሮአችንና በውስጥ ለውስጥ መንገዶች ዳር ያለው ገመድ ጭምር ይነሣ ነው የሚባለው። ያውም ከመንገድ ላይ ቆሞ አንገቱን ለሚያሰግግ ሰው ስለሚታይ!

በውጭ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም ለሚሉን የምንመልሰው አለን። በኢጣልያ በኔፕልስ ከተማ ጠባብ መንገዶች ላይ ከመስኮት ወደ መስኮት የተዘረጋ ልብስ የታወቀ ነው፤ ጎብኚ ፎቶግራፍ ሊያነሣው ይሄዳል። በአሜሪካ ደግሞ ብዙ የሰፈር ማኅበራት ልክ የእኛ ሰዎች እንዳሰቡት «ውበት ያበላሻል» ብለው ገመድ ከለከሉ። ምን ሆነ? ሰው በኤሌክትሪክ ማድረቂያ መኪና ላይ ጥገኛ ሆነ። በኋላም ሕዝቡ ተነሥቶ ተከራከረ፤ ፍሎሪዳ፣ ቬርሞንትና ሜይን የተባሉት ግዛቶች ልብስን በፀሐይ የማድረቅ መብትን በሕግ አስከበሩ። እነሱ ከልክለው፣ ተጸጽተው፣ በሕግ የመለሱትን ነገር እኛ ዛሬ እንደ አዲስ ሥልጣኔ ልንጀምረው ነው?

እነሱ እንኳ ሲከለክሉ ማድረቂያው መኪና በየቤታቸው ነበር። አንድ ዙር ልብስ ለማድረቅ የተለመደው ማድረቂያ ከ2 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይበላል። እኛ መብራት ሲሄድ ሻማ የምንፈልግ ሰዎች ማድረቂያችን ማን ነው? ፀሐይ ናት። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የመስከረም ፀሐይዋ ብርቱ ነው። ቀን ቀን ከጣና ወደ ምድር የሚነፍሰው ነፋስ ደግሞ አለ። የፀሐይ ብርሃን ልብስ ከማድረቁም በላይ ብዙ ጀርሞችን ያዳክማል። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ በክልላችን የእከክ በሽታ በሰፊው ሲዛመት አንዱ ምክር ልብስንና አንሶላን በሙቅ ውሃ አጥቦ በፀሐይ ማስጣት ነበር። ያን ጊዜ መድኃኒት የነበረችው ፀሐይ አሁን በምን ጥፋቷ ተባረረች?

በአገራችን ያሉትን የጋራ መኖሪያ ቤቶችም እንመልከት። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ከሕንፃዎቹ አጠገብ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለበግ ማረጃ የሚሆን የጋራ መገልገያ ቤት በፕላኑ ውስጥ ተካትቶ ነበር። ያቀዱት ሰዎች አንድ ነገር ገብቷቸዋል፤ ሰው የሚያጥብበትና የሚያሰጣበት ቦታ የቤት አካል ነው። በየቦታው ይህ የጋራ ቤት ለሌላ ሥራ ሲከራይ ልብሱ ወደ ኮሪደርና ወደ በረንዳ ወጣ፤ ከላይ የሚንጠባጠበው ውሃ የታችኛውን ጎረቤት አጣላ። ቦታ ሲነፈገው ልብስ ይባስ ይታያል እንጂ አይጠፋም። ትምህርቱ ይህ ነው።

4ኛ. የሚያሰጣም ሰው ግዴታ አለበት

ስለ አከራይ ብቻ ተናግረን ብንተወው ፍርደ ገምድል እንሆናለን። በሰፈራችን በገመድ ምክንያት የሚነሣው ጠብ ሁሉ በአከራይ ክፋት የመጣ አይደለም። አንዳንዱ ገመዱን ከአጥር ወደ አጥር በሰው አንገት ልክ ያስረውና ይሄዳል። ብስክሌት በሚበዛበት ከተማ ይህ ገመድ ሳይሆን ወጥመድ ነው! አንዳንዱ የጎረቤት በርበሬ ተሰጥቶ እያየ ከላዩ ላይ የሚያንጠባጥብ ብርድ ልብስ ይሰቅላል። ሌላው ደግሞ ሰኞ የሰቀለውን ዓርብ ያነሣል፤ ገመዱን ርስቱ ያደርገዋል። ይህ ይቅር። ስለዚህ የሚከተለው ይጠበቅ፦

ገመዱ ከመተላለፊያ ላይ ከሆነ ረጅም ሰው እጁን ዘርግቶ ከሚደርስበት በላይ ይታሰር፤ አለዚያም ወደ ግድግዳ ዳር ይጠጋ። በመብራት ሽቦ ላይም ሆነ በአጠገቡ ፈጽሞ አይሰጣ፤ እርጥብ ልብስና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ ዕዳው የሰው ሕይወት ነው። እሾሃማ ሽቦ ልብስ ይቀድዳል፤ የዛገ ሽቦ ነጭ ነጠላ ላይ የማይለቅ ምልክት ያትማል። ስለዚህ የናይለን ገመድ ይሻላል።

መስከረም ገና ዝናቡ ጨርሶ የሚሄድበት ወር አይደለም። በከተማችን በዓመት ከሚዘንበው ከግማሽ የሚበልጠው በሐምሌና በነሐሴ ቢወርድም የመስከረም ዝናብ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ ድንገት ይመጣል። ስለዚህ ማታ ዘፍዝፎ ጠዋት በጊዜ ማጠብ፣ ቢቻል እስከ 3 ሰዓት ሰቅሎ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት መሰብሰብ ነው። የሥራ ሰው ከሆነና ቤት የማይውል ከሆነ ዳመናው ሲጠቁር ቤት ያለው ጎረቤት ያንሣለት። ይህ የጉርብትና ወግ ነው፤ ነገ የእሱም ተራ ይመጣል።

ባለ ቀለም ልብስ ተገልብጦ ቢሰጣ ቀለሙ ቶሎ አይነጣም፤ ጥለት ያለው ነጠላም እንደዚሁ። ከባዱ ጋቢና ብርድ ልብስ በሁለት ገመድ ላይ ተዘርግቶ ቢሰቀል ነፋስ በመካከሉ ያልፋል፤ ገመዱም አይረግብም። አጎበር ግን ለብቻው ነው። መድኃኒት የተነከረ አጎበር በቀላል ሳሙና ቀስ ተብሎ ይታጠባል፤ የሚሰጣውም በጥላ ነው፤ የፀሐይ ሐሩር መድኃኒቱን ያደክመዋልና። አጎበርን ዓባይ ወይም ጣና ወስዶ ማጠብም አይገባም፤ መድኃኒቱ ለዓሣ መርዝ ነው። እንግዲህ አስተውሉ! ለፀሐዩም ለጥላውም ገመድ ያስፈልገናል።

5ኛ. የምንጠይቀው

ከላይ በዘረዘርናቸው ምክንያቶች የሚከተሉትን ለመጪው ስብሰባ እናቀርባለን፦

ሀ. ከመንገድ የሚታይ ገመድ ሁሉ ይከልከል የሚለው ሐሳብ ውድቅ ይሁን። በምትኩ በዋናው ጎዳና፣ በመብራት ምሰሶና በሰው አንገት ልክ በመተላለፊያ ላይ መስቀል ብቻ ይከልከል።

ለ. ቤት የሚያከራይ እያንዳንዱ የማኅበራችን አባል በግቢው ውስጥ ፀሐይ የሚያገኝ ቢያንስ አንድ የማስጫ ገመድ ለተከራዮች ይፍቀድ። ግቢ የጠበበው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ የጋራ ገመድ ይዘርጋ።

ሐ. የኪራይ ውል ሲጻፍ የማጠቢያ ቀንና የማስጫ ቦታ በውሉ ውስጥ ይግባ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ይላል። ለዋጋው ወረቀት ካለ ለገመዱ አንድ መስመር አይጠፋም። በቃል የተባለ ነገር በማግሥቱ ይለወጣል፤ የተጻፈ ግን ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል።

መ. ውሃ የሚቆምባቸው ማጠቢያዎች ሁሉ የመስቀል በዓል ከመድረሱ በፊት ቦይና ማስረጊያ ይቆፈርላቸው። አካፋና ዶማ ያለው ያምጣ፤ ጉልበት ያለው ይምጣ።

ሠ. በቤታቸው ውስጥ ማስጫ ለሌላቸው፣ ልብስ በማጠብ ለሚተዳደሩ እናቶችም ጭምር፣ በሰፈራችን ባለው ክፍት ቦታ ላይ የጋራ ማስጫ ይተከል። አራት የባሕር ዛፍ ቋሚና ጥቂት ሜትር ገመድ ይበቃል። ወጪው ከማኅበሩ መዋጮ ሊሸፈን የሚችል ነው።

በመጨረሻም ለተከራይ ወገኖቻችን አንድ ቃል አለን። ብዙዎቻችሁ «ተከራይ በስብሰባ ላይ ምን ድምፅ አለው?» ብላችሁ እንደምትቀሩ እናውቃለን። አትቅሩ! በማኅበራችን ደጅ ላይ ባለቤትና ተከራይ የሚል በር የለም፤ ነዋሪ የሚል እንጂ። ዝም ያላችሁ እንደ ሆነ ስለ እናንተ ልብስ የሚወስነው መኪና የሚያቆመው ሰው ብቻ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እኛ የምንለምነው አንበሳ ለማሰር አይደለም፤ የአንድ ሕፃን ጨርቅ የሚሸከም ገመድ ለማሰር ነው።

ለአከራይ ወገኖቻችንም አንድ ቃል አለን። ቤቱ የእናንተ ነው፤ ለፍታችሁ የሠራችሁት ነው፤ ይህን ማንም አይክዳችሁም። ያከራያችሁት ግን ግድግዳና ጣራ ነው። መስከረም ሲጠባ በዓባይ ማዶ ላይ የምትወጣዋን ፀሐይ ማንም አልሠራትም፤ ማንምም ሊያከራያትም ሆነ ሊከለክላት አይችልም። ገመዱን ዘርጉት!

ከሰፈሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ አዘጋጆች